የማሜ ታኮ

መስከረም 20

ለሮቤ ከተማና ለአካባቢዋ ነዋሪዎች በሙሉ የወጣ መግለጫ፦ የአቶ ኃይለየሱስ የመጨረሻዋ መንጋጋ ጥርስ ለረጅም ዘመን ሥጋ፣ ቆሎና አልፎ አልፎም ሰው ስትነክስ ኖራ፣ ዛሬ ጠዋት የተቀቀለ ድንች በማላመጥ ላይ ሳለች በድንገት አርፋለች። ሥርዓተ ቀብሯ የልጅ ልጁ ሀይሚ በተገኘችበት በቤቱ ጣሪያ ላይ ተፈጽሟል። ሐዘንተኛው ከእንግዲህ አጥሚት እየጠጣ እንደሚኖር አስታውቋል።

ሀይሚ ከት ብላ ሳቀች። "አባባ ደግሞ! ጣሪያ ላይ የሚወረወረው እኮ የልጅ ጥርስ ነው። ሌላ እንዲበቅል።"

"ማን ያውቃል?" አልኳት።

እሷ ወደ ሥራዋ ሄደች። እኔም መግለጫዬን ይዤ ወደ አጥሩ። ለጎረቤቴ ለማሜ ላነብለት... እግሬ ነው የሄደው እንጂ እኔ አልሄድኩም። ቀዳዳው የለም። አርባ ዓመት ያለፍንበትን ቀዳዳ አዲሶቹ ባለቤቶች በቆርቆሮ ደፍነውታል። ቆርቆሮው አዲስ ነው፤ ያብረቀርቃል። ፊቴን አየሁበት። ጥርስ የለውም።

ማሜ ጎባ ነው። ከሰኔ ጀምሮ። ግራ ጎኑ ከድቶት ከወደቀ በኋላ ልጁ ፈርዶሳ ወደ ቤቷ ወሰደችው። የሮቤውን ቤት ሸጠችው። ረስቼው ነበር? አልረሳሁትም። ግን ለማን ልቀልድ? ለቆርቆሮው?

መስከረም 22፣ ረቡዕ

ጎባ ዋልኩ። ሚኒባሱ ጉልበቴን አጥፎ ጫነኝ፤ ስወርድ አልዘረጋ አለኝ።

ፈርዶሳ የስንዴ ነጋዴ ናት፤ እጇ ሞልቷል። የቤቷ ወለል ሴራሚክ ነው፤ እንደ ውርጭ ያንሸራትታል። ለአባቷ ትልቁን ክፍል ሰጥታዋለች። ግድግዳ የሚያህል ቴሌቪዥን። ማሞቂያ። ከአዲስ አበባ በመኪና የመጣ የሆስፒታል አልጋ፤ ቁልፉን ሲጫኑት ራስጌው ዝግ ብሎ ብድግ ይላል። ጎማ ያለው ወንበርም አለ፤ ገና ከላስቲኩ አልወጣም።

ሁሉም ዕቃ ይነሳል፣ ይቀመጣል። ማሜ ብቻ አይነሳም።

ጣሪያውን ያያል። አይናገርም። ምላሱ ጤነኛ ነው ብሏል ሐኪሙ። እግሩም ቢለማመድ ይይዘዋል ብሏል። "ካልበላና ካልተነሳ ግን ሳንባው ይያዛል። ዓመቱን አይጨርስም።" ይህን በሹክሹክታ የነገረችኝ ጂቱ ናት፣ የምታስታምመው ሴት። ሁለት ማንኪያ ገንፎ ይቀበላል፣ ከዚያ አፉን ይገጥማል አለች። ሐኪሙን የሰማ አይመስልም። ወይስ ሰምቶ ነው?

"አካም ጅርታ፣ ረዳት!" ብዬ በኦሮምኛ ሰላም አልኩት፤ በጭነት መኪናው ዘመን ረዳቴ ነበር። ዝም። የጥርሴን መግለጫ አነበብኩለት። ዝም። ሰደብኩት። ዝም። ማሜ ስድብ ሳይመልስ የቀረበትን ቀን አላውቅም። ፈራሁ።

ፈርዶሳ በሩ ላይ ቆማ ነበር። "አባባ ኃይሌ፣ ያልገዛሁለት ነገር ምን አለ? እስኪ ይንገሩኝ፤ ዛሬውኑ አመጣለሁ።" ዓይኗ ቀልቷል። መጥፎ ልጅ አይደለችም።

ምሳ መጣ። ለእኔ ለብቻዬ፣ በአዲስ ድስት የተሠራ የበግ ጥብስ። "ከክርስቲያን ልኳንዳ ነው ያስገዛሁት። ትናንት መጥቶ ፍሪጅ ውስጥ ለብቻው ነው ያደረው። ቢላውም አዲስ ነው። ምንም አይጠራጠሩ" አለችኝ።

ገባኝ። እኛ ቤት ያየችውን ነው የመለሰችልኝ። ነፍሷን ይማርና ሸዋርጋ፣ ባለቤቴ፣ ለማሜ የራሱን ድስትና የራሱን ቢላዋ ምስማር ላይ ለብቻ ትሰቅል ነበር። በዓል ሲሆን ማሜ ራሱ ያርዳል፤ እሷ በዚያ ድስት ትሠራለታለች። ፈርዶሳ ያኔ ከወገብ በታች የምትደርስ ልጅ ናት። አልረሳችውም...

ግን ረቡዕ ነው።

ጥብሱን አየሁት። ጥብሱም አየኝ። "ልጄ" አልኳት፣ "ሥጋው ልክ ነው። ድስቱ ልክ ነው። ቢላዋው ልክ ነው። የተሳሳተው ቀኑ ብቻ ነው። ዛሬ ጾም ነው።"

"ያ ረቢ!" ብላ አፏን በእጇ ያዘች።

በዚህ መሃል ከአልጋው በኩል አንድ ድምፅ መጣ። ሳነቴ ተራራ ላይ ብርድ ሲመታው ያደረ ሞተር ጠዋት ሲቀሰቀስ እንደሚያሰማው ያለ፦ ኸ... ኸ... ኸ። ዞር አልን። ማሜ ነው። እየሳቀ ነው። በግማሽ ፊቱ።

ጂቱ ማልቀስ ጀመረች። ፈርዶሳም። እኔ አላለቀስኩም፤ ድንች ነው የበላሁት።

ጥብሱን ሙስሊሙም አልበላው፣ ክርስቲያኑም አልበላው። የቤቱ ውሻ የሁለቱንም ሃይማኖት አመስግኖ ዋለ።

መስከረም 24

ሳቀ እኮ!

ጥቅምት 3

ቤቱን ማፍረስ ጀመሩ። የማሜን። ፎቅ ሊቆምበት ነው። አቧራው የሀይሚን ልብስ ከገመድ ላይ አበላሸው። በመስኮት ሳይ የማሜ መኝታ ቤት ግድግዳ ለፀሐይ ተጋልጧል፤ አረንጓዴ ቀለሙ ሳይቀር ይታያል። ሰው ራቁቱን እንደቆመ ያለ ነገር። መስኮቱን ዘጋሁት።

በሬን ደግሞ ነፋስ ሲያንገጫግጨው ዋለ። ታኮው ከቦታው ተንሸራቶ ነው። ጎንበስ ብዬ አነሳሁት። የወይራ ጉማጅ ነው፤ በዘይት ጠቁሯል፤ ድንጋይ ያህል ይከብዳል። የጭነት መኪናችን ኤንትሬው ሲሸጥ የወሰድኩት ይህን ብቻ ነው።

ከአንገቱ ከተማ ቡና እንጭንና በሀረና ጫካ ሽቅብ። ከሪራ መንደር በላይ ያ ዳገት ሲመጣ ኤንትሬው ትንፋሽ ያጥረዋል። ይቆማል። ቀጥሎ ወደ ኋላ መንሸራተት... ያኔ "ታኮ!" ብዬ እጮሃለሁ። ማሜ ከጭነቱ ላይ ዘሎ ይወርድና ይህን ጉማጅ ከኋላ ጎማ ሥር ይሸጉጣል። መኪናው ይቆማል። እኔ እተነፍሳለሁ። ሥራችን ይኸው ነበር፤ እኔ እጮሃለሁ፣ እሱ ይዘላል።

አንድ ቀን በጉም ውስጥ ፍሬኑ ከዳኝ። ከኋላ ገደል ነው። ጮህኩ። መኪናው ቆመ። የማሜ ድምፅ ግን የለም። ወርጄ ሳይ ታኮውን የሸጎጠው ከነእጁ ነው። የቀኝ እጁ ሁለት ጣቶች እዚያው ቀሩ። ጎባ እስክንደርስ ድረስ እጁን በሻሽ ጠቅልሎ አጠገቤ ተቀምጦ ሲያሾፍብኝ መጣ። "ሾፌር፣ ለሚቀጥለው ትንሽ ቀደም ብለህ ጩኽ።"

ቀደም ብዬ መጮህ ነበረብኝ እንዴ? ያኔስ። አሁንስ?

ጥቅምት 5

ታኮውን በጋዜጣ ጠቅልዬ ጎባ ሄድኩ። የሚኒባሱ ረዳት አነሳውና "አባት፣ ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?" አለኝ። "የአልጋ ፍሬን" አልኩት። ወደ ሾፌሩ ዞሮ በዓይኑ ጠቀሰው። ሽማግሌው ለቆበታል ማለቱ ነው።

ለቆብኛል እንዴ? ያ ውድ አልጋ ጎማ አለው። ጂቱ ማሜን ደግፋ ልታስቀምጠው ስትል አልጋው በዚያ ሴራሚክ ላይ ይሸሻል። ባለፈው አይቼዋለሁ። የማሜንም ዓይን አይቼዋለሁ። እንኳን እሱ፣ እኔም ፈርቼ ነበር።

ከጎማው ሥር ሸጎጥኩት።

"አባባ ኃይሌ! ወለሉ ይፋቃል!" አለች ፈርዶሳ።

"ይፋቅ! ይህ ቤት ዳገት ላይ ነው ያለው፤ አንቺ አላየሽውም እንጂ።"

ከዚያ ጠጋ አልኩና በማሜ ጆሮ፣ እንደ ድሮው፣ ባለ በሌለ ሳንባዬ "ታኮ!" ብዬ ጮህኩ። ጂቱ የያዘችውን ሳህን ለቀቀችው። የማሜ ቀኝ እጅ ከብርድ ልብሱ ውስጥ ተወርውራ ወጣች። ያችው ጣት የጎደላት። አየር ላይ ቆመች። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ጎንበስ አልኩ።

"ቀደም... ብለህ... ጩኽ።"

ከሰኔ ወዲህ የመጀመሪያ ቃሉ። ሰው እንዴት ከመቃብር አፍ ተመልሶ ነገር ይፈልጋል?

ጥቅምት 12

ዛሬም ጎባ። "ገንፎህን ካልበላህ እኔ እበላልሃለሁ፤ ጥርስ አይፈልግም" ስለው ሳህኑን ወደ ራሱ ሳበ። ጨረሰው። ጂቱ ባዶውን ሳህን ለፈርዶሳ ልታሳይ እየሮጠች ሄደች።

ጥቅምት 26

መብራት ጠፋ። አልጋው ግማሽ እንደተነሳ ደርቆ ቀረ። ማሜ ራሱ ከፍ፣ እግሩ ከፍ፣ መሃሉ ዝቅ፤ ጀልባ ላይ ያለ መሰለ። "ይህ መኪና ሞተር ነክሷል" አለኝ። አሁን እንዲህ ያወራል፤ ቃሉ ይንቀረፈፋል እንጂ ይገባል።

እኔና ጂቱ ብብቱን ይዘን አነሳነው። አልጋው አልሸሸም። ማሜ ቆመ! ግራ እግሩን እየጎተተ መስኮቱ ጋ ደረስን። ጂቱ ለቀቀችን። ሁለት ሽማግሌ ተደጋግፈን ቆምን። ማን ማንን እንደያዘ እንጃ።

ወደ ሳነቴ አየ። "ጉም አለ?"

"አለ።"

"ፍሬኑስ?"

"የለም።"

"እንግዲያ እንሂድ።" ኸ... ኸ... ኸ።

ከዚያ ድንገት "ቤቴስ?" አለኝ።

"አለ" አልኩ። "በሩም እንዳለ ነው።" ዝም ብሎ አየኝ። ትንሽ ከበደኝ። የሱ ክንድ ነው ወይስ ውሸቱ?

ኅዳር 3

ውርጭ። ከከተማው ዳር ኮምባይነር ስንዴ ሲያጭድ ይሰማል፤ ቀኑን ሙሉ ያጉረመርማል። የማሜ ግቢ አሁን ባዶ መሬት ነው። ፍርስራሹን በመኪና ጭነው ወሰዱት። ያ አረንጓዴ ግድግዳ የት ይሆን የተደፋው?

ኅዳር 7

ሳል። ጎባ ሳልሄድ ሰነበትኩ። ሀይሚ "ኤጭ፣ አባባ! ሐኪም ቤት ካልሄዱ ሥራ አልሄድም" ትላለች። ትሂድ እንጂ። ሳል ነው።

ከዕድሩ ሰዎች አንዱ ሊጠይቀኝ መጣና "ዘንድሮ ሽማግሌ እየረገፈ ነው" ብሎኝ ሄደ። ሲጠይቅ እንዲህ ነው።

ኅዳር 12

የዓመቱን ትልቁን ቀልድ ዛሬ ጀመርኩ። ታምሜያለሁ። ማለትም ታምሜያለሁ አልኩ። ሀይሚን "ጎባ ደውይና ለማሜ አንድ ቃል ብቻ ንገሪልኝ፤ ታኮ በይው" አልኳት። ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫዬ ስቤ ተኛሁ። ያ ሰነፍ ረዳት ይነሳ እንደሆነ እስቲ ልየው። እጄ ይንቀጠቀጣል። ከሳቅ ነው። ጽሑፌም የተበላሸው ለዚያ ነው።

ኅዳር 14፣ ቅዳሜ

መጣ!

ከበሩ ውጭ የፈርዶሳ መኪና ቆመ። በመስኮቱ ድምፁን ሰማሁ። ቶሎ አልገባም። ባዶውን መሬት እያየ ነው። ምነው በሞትኩ አልኩ።

"ሾፌር!" ሲል ሰማሁት ከውጭ። "ቤቴን የት አደረስከው?"

"መንገድ ላይ ወደቀ!" አልኩት ከአልጋዬ። "ገመዱን አጥብቆ ያላሰረ ረዳት ነው ጥፋተኛው!"

ኸ... ኸ... ኸ። ግን ድምፁ አጭር ነበር።

ጎማ ያለውን ወንበር ፈርዶሳ ይዛው መጥታለች። እምቢ አላት። ከበሩ እስከ አልጋዬ ድረስ በጂቱ ትከሻ ተደግፎ፣ ግራ እግሩን እየጎተተ፣ ታኮውን በቀኝ ብብቱ አቅፎ ገባ። ያን ከባድ ነገር! ላቡ በግንባሩ ይወርዳል፣ ውጭው ውርጭ ነው። ማንም ልቀበልህ ቢለው አልሰጥም አለ። አልጋዬ ጋ ሲደርስ ጂቱ ወገቡን ያዘችለት፣ ጎንበስ አለና ታኮውን ከአልጋዬ እግር ሥር ሸጎጠው።

"አቆምኩህ" አለኝ።

የኔ አልጋ እኮ ጎማ የለውም።

ተነስቼ ተቀመጥኩ። "ቀልዴን ነው!" አልኩ። "ምንም አልሆንኩም! ከዚያ ከንጉሥ አልጋህ ትወርድ እንደሆነ ልይህ ብዬ ነው።"

ፈርዶሳ ፊቷ ተለዋወጠ። "አባባ ኃይሌ! በዚህ ብርድ? በሽተኛ ሰው? ለቀልድ?" ወደ ውጭ ወጣች። በሩን አላላተመችውም፤ ብታላትመው ይሻለኝ ነበር።

ማሜ አጠገቤ ተቀመጠ። ብዙ አየኝ። "ቀልዱ ጥሩ ነው" አለ።

ነገ የገና ጾም ይገባል፤ ዛሬ ቅበላ ነው። ሀይሚ የማሜን ድስትና ቢላዋ ከምስማሩ አወረደች፤ አቧራውን አጠበች። ዶሮዋን እሷ ያዘች፣ ማሜ በዚያች በቀረችው እጁ "ቢስሚላህ" ብሎ ባረካት። መረቁን ከአንድ ድስት ጠጣን። እኔም ጠጣሁ። ከስንት ቀን በኋላ... ማለቴ ጣፈጠኝ።

ሳይመሽ ሄዱ። ታኮውን አልጋዬ ሥር ትቶት ሄደ። ረስቶት ይሆናል።

ኅዳር 21

ጂቱ ደወለች። ሳል ጀምሮታል። ትንፋሹ ያጥረዋል። ሐኪሙ "ሳንባው" ብሏል።

ኅዳር 23

ሄድኩ። ቴሌቪዥኑ ጠፍቷል። ማሞቂያው ይነዳል። አልጋው ከፍ ብሎ ይዞታል፤ እንዲተነፍስ። ዓይኑ ተከድኗል። ጠጋ ብዬ ያችን ቃል፣ "ታኮ" አልኩት። በቀስታ፤ መጮህ አቃተኝ። ቀኝ እጁን ጠበቅሁ።

አልወጣችም።

ፈርዶሳ ሻይ አቀረበችልኝ። አላየችኝም።

ኅዳር 24

ማሜ ሞተ። ጎህ ሲቀድ። እንደ ሥርዓታቸው ዛሬውኑ ተቀበረ።

ከሮቤ ዕድራችን በአንድ መኪና ሄድን። ቃሬዛውን ሰው ይቀባበላል። ወጣቶቹ ትከሻ ለትከሻ ይለዋወጣሉ። ልያዝ ብዬ ገባሁ። አንዱ "አባት፣ ይተዉ፤ ይወድቃሉ" ብሎ በክብር ገለል አደረገኝ። በክብር! እሱን ተሸክሞ መውደቅ ምን ነበረበት?

እነሱ ሲሰግዱ እኛ ኮፍያችንን አውልቀን ከኋላ ቆምን። አፈር አለበስኩ። መሬቱ ውርጭ ስለመታው ድንጋይ ነው፤ ጓሉ ይንኳኳል። ያ ድምፅ... ታኮ ከጎማ ሥር ሲገባ የሚያሰማው።

ቤት ስንመለስ ፈርዶሳ በሴቶቹ መሃል ተቀምጣለች። ሄድኩ። እጄን ዘረጋሁ። ጨበጠችኝ፣ ግን እየጨበጠችኝ እንዲህ አለች፤ ቀስ ብላ፣ ማንም ሳይሰማ፦

"ለቀልድዎ ነው የሞተው።"

ኅዳር 29

አልወጣሁም።

ታኅሣሥ 5

ሀይሚ "አባባ፣ መግለጫ የለም ዛሬ?" አለችኝ። የለም። በማን ስም ይወጣል? ለማን ይነበባል?

ትንሽ ቆይታ "ለፈርዶሳ ለምን አይነግሯትም?" አለች። ምን ልንገራት አልኩ። ሀይሚ አየችኝ። እሷ ታውቃለች። አጥሚቱን አስቀምጣ ወጣች።

ታኅሣሥ 11

ፈርዶሳ መጣች። ብቻዋን። አላሰብኩም ነበር። አልጋዬ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ አባቷ የተቀመጠበት። ቤቴን ዞር ብላ አየች። ምስማሩን፣ ድስቱን። ከዚያ ጎንበስ አለችና አልጋው ሥር ያለውን ታኮ አየች።

"ያን አልጋ ልጆቹ እንደ መጫወቻ ያዙት" አለች። "ከፍ ዝቅ ሲሉበት ይውላሉ። ማየት አቃተኝ። ለእርስዎ ላምጣልዎት?"

"እኔ ፍሬን የሌለው መኪና ላይ አልወጣም" አልኳት። አፌ ነው። ትንሽ ፈገግ አለች፤ ወዲያው ደግሞ ፊቷ ተመለሰ።

"አባባ ኃይሌ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት። እውነቱን ይንገሩኝ። ያን ቀን ከዚህ ስንመለስ አባቴ መኪና ውስጥ ዝም ብሎ ነበር። ጣት የጎደላትን እጁን... ቀኝ እጁን እያየ ነበር። አንዴ ብቻ ተናገረ። 'ግንባሩ እሳት ነው' አለ። ስለ ራሱ የሚያወራ መስሎኝ ብርድ ልብሱን ጨመርኩለት። አሁን ሌሊት ሌሊት ያ ቃል ይመላለስብኛል። የማን ግንባር ነው?"

ማሜ "ቀልዱ ጥሩ ነው" ከማለቱ በፊት ያችን ጣት የጎደላት እጁን ግንባሬ ላይ አሳርፏት ነበር። ልጅ ሲታመም እንደሚደረገው። ኅዳር 14 ላይ እጽፋለሁ ብዬ ዘለልኩት። እንዴት ይጻፋል?

"የኔ ነው" አልኳት። "ያን ጊዜ ቀልድ አልነበረም፣ ልጄ። ሁለት ቀን ውኃ እንኳ አልወረደልኝም ነበር። መነሳት አቅቶኝ ነበር። ሀይሚን ጠይቂያት።"

"ታዲያ ለምን..."

"ላቡ እየወረደ ከበሩ ሲገባ አየሁት። ታኮውን አቅፎ። እንዲያ ሆኖ የመጣ ሰው እየሞትኩ ነው ይባላል? ቀልዴን ነው አልኩ። አመነኝ ብዬ ነበር።"

የፈርዶሳ እንባ ዝም ብሎ ይወርዳል፤ አልጠረገችውም።

"ለቀልድ አይደለም የሞተው" አለች በመጨረሻ። ለእኔ አይደለም፤ ለራሷ ነው።

"አይደለም።"

"ግን ባይመጣ..."

"ባይመጣ እሱ እዚያ ጣሪያውን እያየ... እኔም እዚህ። እኔ እንጃ፣ ልጄ። አላውቅም። አንቺ ጥፋቱ ያንተ ነው ካልሽኝ እቀበላለሁ። ጮኼ የጠራሁት እኔ ነኝ።"

ይቅር አለችኝ? አላለችኝም። አልጠየቅኋትም። ሀይሚ ሽሮ አቀረበች፤ ሁለት ጉርሻ በላች። ስትነሳ ጎንበስ አለችና ታኮውን በእጇ መዳፍ ገፋ አድርጋ ከአልጋው እግር ሥር አጠበቀችው። እንደ አባቷ። "ሲሻልዎት ይምጡ" አለችና ወጣች።

እንግዲህ ይጻፍ። ለራሴ ብቻ በምጽፈው ላይ ማንን ልሸውድ ነበር? ሾፌር ወድቆ አይታይም ብዬ ነው? ኅዳር 12 ላይ ያለው ውሸት ነው። ቀልድ የሚለውን ፈጥሬዋለሁ። ያን ገጽ የጻፍኩት በዕለቱም አይደለም፤ ማሜ መጥቶ ከሄደ በኋላ፣ ትራስ ተደግፌ ነው። እጄ የተንቀጠቀጠው ከሳቅ አልነበረም። መኪናው በእውነት ወደ ኋላ እየተንሸራተተ ነበር። ከኋላ ገደል ነበር። ጮህኩ። ዘለለ።

የቀረው ሁሉ እውነት ነው። ጥርሷም ሳትቀር። ጣሪያው ላይ ናት፤ ዛሬም ሌላ አልበቀለም።